ከሐሮማያ ያነሱ ተራሮች

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ፤ ስለ ኮሪያ ምድር አቀማመጥ ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርት



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኮሪያ ምድር ነው። ስለ ድራማው፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ስልኩ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ወጣት በዚህ አዳራሽ ሞልቷል፤ እሱን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ። የኔ ጉዳይ ተራራው፣ ወንዙ፣ ብርዱና ዝናቡ ነው። ወደዚያ አገር የምንገባውም በምናውቀው መንገድ፣ በራሳችን ሐዲድ ይሁን።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ጦርነት ለመዝመት ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥቶ፣ በኛው በድሬዳዋ ጣቢያ አልፎ ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ በአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ሦስት ሳምንት ገደማ ባሕር ላይ ከቆየ በኋላ ቡሳን ወደብ ደረሰ። የበላይ አዛዡ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ ሻለቃውን የሚመሩት ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ። ስሙም ቢሆን የዚሁ አገር ነው፤ ቃኘው የሐረርጌው ገዥ የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። እንግዲህ ሻለቃው በተጓዘበት መንገድ እንከተለው።

ስለ ኮሪያ መጀመሪያ የሚነገረው ተራራማ መሆኗ ነው። የሁለቱን ኮሪያዎች መሬት አንድ ላይ ብንወስደው ወደ 220 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ የደቡቡ ድርሻ 100 ሺህ ያህል ነው፣ የኛን አገር አንድ አሥረኛ አይሞላም። ከዚህ ውስጥ ከመቶ ስልሳ አምስት፣ ሰባ የሚሆነው ጋራና ገደል ነው። አሁን ደግሞ የተራሮቹን ቁመት ልንገራችሁ። የደቡብ ኮሪያ ትልቁ ተራራ ሃላሳን ነው፤ ጄጁ በምትባል ደሴት ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ሲሆን ከፍታው 1,947 ሜትር ነው። በዋናው ምድር ላይ የሚበልጠው ጂሪሳን 1,915 ሜትር ነው። ሐሮማያ ያለችው ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ነው። ዛሬ ማለዳ ድንችና ሽንኩርቷን አስጭና ወደዚህ ቀፊራ የወረደች የሐሮማያ ሴት፣ ከቤቷ ስትነሣ ከደቡብ ኮሪያ ተራሮች ሁሉ በላይ ነበረች ማለት ነው። በሰሜን፣ ከቻይና ድንበር ላይ ያለው የሁሉም ቁንጮ ፔክቱሳን እንኳ 2,744 ሜትር ነው፤ የኛን ጋራ ሙለታን አያህልም።

ሠራዊት ካርታ ላይ ስም የሌለውን ኮረብታ የሚጠራው በከፍታው ነው። የመጀመሪያው ቃኘው በ1944 መግቢያ ላይ ሳምህዮን በሚባለው ቀበሌ ደም ያፈሰሰበት ቦታ ኮረብታ 602 ይባላል፤ ከባሕር ወለል 602 ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። በ1945 ዓ.ም የሦስተኛው ቃኘው ሰዎች በዙሪያው የመሸጉበት፣ በጦርነቱ ታሪክ ስሙ የገነነው ፖርክ ቾፕ ደግሞ 255 ሜትር ብቻ ነው። ቀፊራ ራሷ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቆላ ነን የምንለው እኛ ቁጭ ያልንበት መሬት የኮረብታ 602 እጥፍ ነው!

ታዲያ ምኑ ነው ከባዱ? ከባሕር ወለል የሚለካው ቁጥር ስለ ዳገቱ ምንም አይነግራችሁም። ዳገት የሚለካው ከሥሩ ካለው ሸለቆ ነው፤ የኮሪያ ሸለቆዎች ደግሞ ከባሕር ወለል እምብዛም ፈቀቅ ያላሉ ናቸው። እኛ ከፍ ብለን የተዘረጋን አገር ነን፤ ሜዳችን ራሱ ተራራ ላይ ነው። ኮሪያ ግን ከታች ተነሥታ በአንድ ትንፋሽ ሽቅብ የምትል፣ ሸንተረር በሸንተረር ላይ የተደራረበባት ምድር ናት። ከሳቢያን ተነሥቶ ደንገጎን በእግሩ የወጣ ሰው እግሩ ላይ የተሰማውን ያውቃል። ያን ዓይነቱን አቀበት አሳጥራችሁ፣ አቁማችሁ፣ በየመንደሩ አንድ አንድ አስቀምጡበት፤ የጋንግዎን ክፍለ ሀገር ማለት ያ ነው።

የተራሮቹን አሰላለፍ ካወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ቴቤክ የሚባለው ሰንሰለት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው በምሥራቁ ዳርቻ ተለጥፎ ነው። በምሥራቅ በኩል ተራራው ወደ ባሕሩ ድንገት ይወድቃል፤ ለሰው የሚሆን ቦታ ጠባብ ነው። በምዕራብና በደቡብ ግን ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ስለዚህ ትልልቆቹ ወንዞች የሚፈሱት ወደዚያ ነው፤ ሃን ሴኡልን አቋርጦ ወደ ምዕራብ፣ ናክዶንግ ወደ ደቡብ። ደለሉም፣ የሩዝ ማሳውም፣ ሕዝቡም ወንዞቹን ተከትሏል። ዛሬ ከደቡብ ኮሪያ 51 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ግማሹ በሴኡልና በዙሪያዋ ታጭቆ ይኖራል፤ ያ አካባቢ ከአገሩ ቆዳ ስፋት ከመቶ 12 ገደማ ነው።

ሁለቱ ባሕሮችም አይመሳሰሉም። የምሥራቁ ጥልቅ ነው፣ ውኃው በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ለዓይን እስኪያስቸግር ትንሽ ነው። (ስሙን ጃፓኖች የጃፓን ባሕር፣ ኮሪያዎች ምሥራቅ ባሕር ይሉታል፤ በዚህ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ፣ እኛ መሀል አንገባም።) የምዕራቡ ቢጫ ባሕር ግን ጥልቀት የለውም። የሴኡል ወደብ በሆነችው ኢንቾን ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ 9 ሜትር ይደርሳል፤ ሦስት ፎቅ ቤት ማለት ነው። ሲጎድል ዓይን እስኪደክም ጭቃ ብቻ ይሆናል። በጦርነቱ የተባበሩት መንግሥታትን ጦር የመራው ጄኔራል ማክአርተር መስከረም 5 ቀን 1943 ዓ.ም ጦሩን በኢንቾን ሲያሳርፍ ያስጨነቀው ይሄው ነበር፤ መርከቦቹ ጭቃው ላይ እንዳይቀሩ ሙሌቱን መጠበቅ ግድ ስለሆነ፣ ጥቂቱን በማለዳው ሙሌት አውርዶ፣ ዋናውን ጦር ለማውረድ የማታውን ሙሌት መጠበቅ ነበረበት። ቃኘው የገባበት ቡሳን በተቃራኒው ጥልቅ፣ ውኃውም የማይዋዥቅ ወደብ ነው። ትልቁ ወደብ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

ከቡሳን ወደ ሰሜን የሚወስደው ሐዲድ ጃፓኖች የሠሩት ነው፤ እስከ ሴኡል አገልግሎት የጀመረው በ1897 ዓ.ም ነው። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ስለሆነ በሁለት ዓመት ቀድመናቸዋል። ግን አንኩራራ፤ ከኢንቾን ወደ ሴኡል የምትሄደዋ አጭር መስመር በ1892 ተከፍታ ነበር። ይልቅ ሌላ የሚያመሳስለን ነገር አለ። ይህች ከተማ የተወለደችው ባቡሩ ወደ ሐረር መውጣት ስላቃተው ነው፤ ተራራው እምቢ ሲል ሐዲዱ በግርጌው ዞረ፣ በግርጌው ከተማ በቀለ። ኮሪያም ውስጥ ከሴኡል ወደ ምሥራቁ ወደብ ወደ ዎንሳን የተዘረጋው፣ በ1906 ዓ.ም የተጠናቀቀው ሐዲድ፣ ተራሮቹ መሀል ለመሀል በተከፈቱበት በአንድ ረጅም የተሰነጠቀ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። የዚያ ሸለቆ መካከለኛ ከተማ ቾርዎን ነው። መሬቱ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አፈሩ ለሩዝ የተስማማ፣ ባቡርና መንገድ የሚገናኙበት ሜዳ። በጦርነቱ ጊዜ ቾርዎንን፣ ጊምህዋንና ፕዮንግጋንግን የሚያያይዘውን ሜዳ የብረት ሦስት ማዕዘን ብለው ጠሩት። ቃኘዎችም በዚህ ዙሪያ ተዋግተዋል።

ለምን እዚያ? በነሐሴ 1937፣ የኮሪያ ቅኝ ገዥ ጃፓን እጅ ልትሰጥ ስትል፣ ሁለት የአሜሪካ መኮንኖች ዲን ረስክና ቻርልስ ቦንስቲል በአንድ ካርታ ላይ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ፣ ኮሪያን በ38ኛው የኬክሮስ መስመር ከፍለው ሰሜኑ ለሶቪየት፣ ደቡቡ ለአሜሪካ ጦር እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። ማስመሪያ ተራራ አያውቅም። መስመሩ ወንዝ ቆረጠ፣ መንደር ለሁለት ከፈለ። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም የሰሜኑ ጦር ተሻግሮ ደቡቡን ወረረ፤ ጦርነቱ እስከ ናክዶንግ ወረደ፣ እስከ ቻይና ድንበር ወጣ፣ ተመለሰ። ቃኘው ሲደርስ፣ በ1943 ግንቦትና ሰኔ፣ ሩጫው አብቅቶ ሁለቱም ወገን በሸንተረር ላይ ምሽግ እየቆፈረ ነበር። ድርድር ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የተሞተው ለከተማ ሳይሆን ሸለቆውን ቁልቁል ለሚያሳይ ኮረብታ ነው። የ255 ሜትር ጉብታ ያን ያህል የተወደደው ላዩ ላይ የተቀመጠ ሰው የጠላቱን መንገድ ስለሚያይ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ ሲቆም የዛሬው መስመር የተሠመረው ሁለቱ ጦሮች በቆሙበት ላይ ነው። ስለዚህ የዛሬው ድንበር በካርታ ላይ ሲታይ ጠማማ ነው፤ በምዕራብ ከ38ኛው በታች፣ በምሥራቅ ከላይ፣ ከሸንተረር ሸንተረር እየዘለለ የሚሄድ 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሰው አልባ መሬት። ከቃኘው ከ120 በላይ ሰው ወደቀ፣ ከ530 በላይ ቆሰለ፤ አንድም የተማረከ የለም።

ለሐረርጌ ሰው የሚከብደው ግን ብርዱ ነበር ብዬ አስባለሁ። በክረምታቸው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ነፋሱ ከሳይቤሪያ በደረቁ ይወርዳል። ሴኡል ከምድር ወገብ እንደ አንዳንድ የሜዲትራንያን ከተሞች ትርቃለች፤ ብርዷ ግን የሜዲትራንያን አይደለም። በቾርዎን ሌሊቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚገባባቸው ቀኖች አሉ። በበጋቸው ደግሞ ነፋሱ ይገለበጥና ከሰላማዊ ውቅያኖስ እርጥበት ይጭናል። ከሰኔ ማገባደጃ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ጃንግማ የሚሉት ዝናብ ይወርዳል፤ ወዲያው ደግሞ አውሎ ነፋስ አለ። ሴኡል በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ ከግማሽ የሚበልጠውን በሦስት ወር ውስጥ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ብርድ ያለበት አገር ቤቱን ማሞቅ አለበት። ኮሪያዎች ከጥንት ጀምሮ የሚያሞቁት ወለሉን ነው፤ ኦንዶል ይባላል። ምድጃው ከቤቱ አንድ ጫፍ፣ ብዙ ጊዜ ማድቤቱ ውስጥ፣ ከወለሉ ዝቅ ብሎ ይሠራል። እሳቱ ሲነድ ጢሱና ሙቀቱ ከወለሉ በታች በተደረደሩ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሥር በቦይ ይሄድና በሌላው ጫፍ በጢስ መውጫ ይወጣል። ድንጋዩ ይግላል፤ ላዩ ላይ በዘይት የተቀባ ወረቀት ተነጥፏል፤ ሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ምግብ የሚበስልበት እሳት መኝታውን ያሞቃል። እጅግ ብልህ አሠራር ነው። ግን እንጨት ይበላል። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን የተካሄደው የደን ጭፍጨፋ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያ ከሰሜን የሸሸው ስደተኛ ማገዶ ፍለጋ ሲጨመርበት ኮረብቶቹ ራቁታቸውን ቀሩ። የዚያን ጊዜ ፎቶግራፎችን ያያችሁ እንደሆነ ቃኘዎች የቆሙበት ጋራ መላጣ ነው፤ ቀይ አፈር፣ ድንጋይ፣ የተቃጠለ ግንድ። በጦርነቱ ዘመን በአንድ ሄክታር ደን ላይ የነበረው እንጨት 6 ሜትር ኩብ አይሞላም ነበር። ዛሬ ከ150 በላይ ነው።

እንዴት ሆነ? ብዙ ሰው «ዛፍ ተከሉ» ብሎ ያልፈዋል። መትከሉ እውነት ነው። በ1965 ዓ.ም የተጀመረው የአሥር ዓመት የደን ዕቅድ በ1970 ተጠናቀቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተተከለ። ፈጥኖ የሚይዝ፣ ድሃ አፈር የማይፈራ ዛፍ ነው የመረጡት። ግን ከመትከሉ በፊት ሌላ ነገር ተሠርቷል። በቴቤክ ተራሮች ሆድ ውስጥ ጠንካራ የድንጋይ ከሰል አለ። ያን ፈጭተው፣ እርጥብ አድርገው፣ እንደ ሲሊንደር ቀርጸው፣ ከላይ እስከ ታች ቀዳዳ ቀዳዳ አበጅተውለት በኦንዶሉ ምድጃ ውስጥ አስገቡት። ዮንታን ይባላል። ማገዶ እንጨት ወደ ከተማ እንዳይገባም ተከለከለ። ተራራው ሊያገግም የቻለው ቤቱ ሌላ የሚያነደው ነገር ስላገኘ ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፦ የዮንታን ጢስ በየክረምቱ ብዙ ሰው በተኛበት ገድሏል፤ በጋራው ላይ እየመነጠረ የሚያርሰው ገበሬም በግድ ተነሥቷል፤ የደን መሥሪያ ቤቱ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተደርጎ ዛፍ የሚጠብቀው ፖሊስ ነበር። የጊዜው መሪ የፓርክ ቹንግ ሂ መንግሥት ጥያቄ አይወድም ነበር። ዛሬ አረንጓዴውን ጋራ አይቶ «ጀግኖች» ብቻ የሚል እንግዳ ግማሹን ነው የሚያየው።

ይህን ያነሣሁት እናንተ ጋ ስለሆንኩ ነው። በግመልና በአህያ የሚመጣ ማገዶና ከሰል ቀፊራ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደቻቱም እዚሁ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ገበያ የሚቆምበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ደረቅ ወንዝ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ዘመድ የቀበረ አለ፤ ዝርዝሩን ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የጣለው ግን ላይ፣ ከደንገጎ ወዲያ ያለው ደጋ ላይ ነበር። በተራቆተ ጋራ ላይ የወደቀ ውኃ የሚይዘው ሥር ሲያጣ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። ኮሪያዎችም ከደን ተከላው በፊት ይህንኑ ያውቁት ነበር።

በዚያው በ1998፣ መስከረም ላይ፣ ሴኡል ቾንግዬቾን የተባለ ወንዟን መልሳ ከፈተች። ከጦርነቱ በኋላ ስደተኞች በዳርቻው የላስቲክና የቆርቆሮ ጎጆ የሠሩበት፣ ሽታው የከፋ ወንዝ ነበር። በኮንክሪት ሸፈኑት፣ በላዩ ላይ የአየር ላይ መንገድ ሠሩበት፤ ከዚያ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእነሱ አቆጣጠር ያን ሁሉ አፍርሰው 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ለፀሐይ አወጡት። ውብ ነው፤ ግን ነገሩን አታጋንኑት። አብዛኛውን ቀን የሚፈሰው ውኃ ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተገፋ የሚመጣ ነው። አንድ ነገራቸውን ግን እወድላቸዋለሁ፦ ዝናብ ሲጀምር በዳርቻው ያለው የእግር መንገድ ወዲያው ይዘጋል። ውኃው በደቂቃዎች እንደሚሞላ ስለሚያውቁ ማንም እንዲከራከር አይፈቅዱም።

ስለ ሰሜኑ ጥቂት ልበልና ልጨርስ። ሰሜን ኮሪያ ይበልጥ ተራራ፣ ይበልጥ ብርድ፣ ማዕድንና የግድብ ኃይል ያላት ናት፤ ሩዙ ግን በደቡብ ነው። አገሩ ሲከፈል ፋብሪካውና መብራቱ በአንድ ወገን፣ እህሉ በሌላው ቀረ። በግንቦት 1940 ዓ.ም ሰሜኑ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሲቆርጥ ደቡቡ ጨለመ። ከዚያ ወዲህ ደቡብ ኮሪያ በካርታ ላይ ልሳነ ምድር ብትሆንም ኑሮዋ የደሴት ነው፤ ያላት አንድ የየብስ ድንበር ዝግ ነው፣ የሚገባውም የሚወጣውም በባሕር ወይም በአየር ነው። እኛ ባሕር ያጣን፣ እነሱ የብስ ያጡ። ሁሉም ነገር ቡሳንን የሚያህል ወደብ የፈለገው፣ የብረት ፋብሪካውም የመርከብ ሥራውም በፖሃንግና በኡልሳን ባሕር ዳር የተደረደረው ለዚህ ነው፤ ማዕድኑ የሚመጣው በመርከብ ነዋ።

ለመሄድ የሚያስብ ካለ አንድ ምክር አለኝ። ሴኡል ሲደርስ ባቡር ይሳፈርና ወደ ቹንቾን ይሂድ፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። በተራሮች የተከበበች፣ የሃን ገባር ወንዞች የተገደቡባት የሐይቅ ከተማ ናት። ጎንጂ በሚባለው ጅረት ዳር ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1960 ዓ.ም ተገኝተው የመረቁት የቃኘው ሐውልት አለ፣ ከጎኑ መታሰቢያ ቤቱ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ከ1961 ጀምሮ የኢትዮጵያን ስም ይዞ የኢትዮጵያ ቡና የሚያፈላ ቤት። ከዚያ ቀና ብሎ ጋራውን ይይ። ዙሪያውን ዛፍ ሸፍኖታል፤ ቃኘዎች ያላዩት ነው። ጊዜው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቅጠሉ ይቀላል። በሐምሌ ግን አትሂዱ፤ ጃንግማው ነው፣ ጋራውን ከደመናው ለይታችሁ አታዩትም። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።